የእሱን ወረቀት አትንኪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ከፋሲካ ወዲህ ሻል ብሎላታል።

ወንድምሽ እሑድ መጥቶ ሁሉንም ነገረን። አንድ ቢሮ ከምትጋሪው ሰውዬ ጋር ከተኳረፋችሁ ሦስት ሳምንት ሆነ አሉ። ፋይሉ ከጠረጴዛው አልፎ ያንቺ ወንበር ሥር ደርሷል። የበላበት ምሳ ዕቃ ሳይታጠብ ያድራል። ሻይ የጠጣበት ብርጭቆ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል። ስሰማ አዘንኩልሽ። አንቺ በልጅነትሽ ጀበናው ማቶቱ ላይ ካልተመለሰ እንቅልፍ የማይወስድሽ ልጅ ነበርሽ። እንደዚያ ባለ ክፍል ቀኑን ሙሉ መዋል እንዴት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።

ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ የሰማሁት ነው። ሰውየው መስክ በወጣ ቀን ወረቀቱን ጠራርጌ በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ ኮሪደር ላይ አወጣለታለሁ ብለሻል አሉ። ልጄ፣ እንዳታደርጊው። የእሱን ወረቀት አትንኪ።

አንቺ ያለሽው መሬት አስተዳደር ነው። እዚያ ቤት ወረቀት ማለት የሰው ማሳ ነው። የባልና የሚስት ፎቶ የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር ይዞ በሌሊት ተነሥቶ የሚመጣውን ገበሬ በየቀኑ ታዪዋለሽ። ያ ሰው ከዚያ ወረቀት ሌላ ምን አለው?

አሁን የምጽፍልሽን ለእናትሽ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው፣ የመሬት ሽግሽጉ ዓመት። ያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ ነገሩ ያልነካው ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። አንዱ ያገኛል፣ አንዱ በደርግ ጊዜ ሹመት ነበረህ ሲባል «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ ይቀነስበታል። ቅሬታው እየተከመረ ይመጣል። እኔ ወረዳ መዝገብ ቤት ነበርኩ፣ ከአንድ ሸምገል ካለ ሰው ጋር በአንድ ክፍል። ስሙን እዚህ አልጽፍም። አንቺም «ጋሼ» እያልሽ ጉልበቱን ስመሽ ያደግሽበት ሰው ነው።

ጠረጴዛው አይታይም ነበር። ወረቀት ወለሉ ላይ፣ ወረቀት መስኮቱ ላይ፣ ወረቀት ካፖርቱ ኪስ ውስጥ። እናትሽ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ትለው ነበር። ባለጉዳይ ስሙን ሲነግረው ግን ቀና እንኳ ሳይል እጁን ይሰድና ከክምሩ መሃል ይመዘዋል። ይህን በየቀኑ አይ ነበር። ቢሆንም ዓይኔ የሚያርፈው አቧራው ላይ ነበር።

አንድ ጊዜ ለለቅሶ ቢቸና ሄዶ ሦስት ቀን ቆየ። እኔ ክፍሉን አጸዳሁት። ወረቀቱን በየቀበሌው ለይቼ በአቃፊ አደረግሁ። ወለሉን በውኃ አጠብሁ። ኃላፊያችን ገብቶ አይቶ አመሰገነኝ። ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ምንም አልተናገረኝም። በማግሥቱ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቅሬታዋ ምን እንደደረሰ ልትጠይቅ መጣች። እጁን ሰደደ፤ የለም። ቀኑን ሙሉ ፈለግን። በሳምንቱ ተመለሰች። በሁለተኛው ሳምንትም መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከቆላ በባዶ እግሯ። በዚህ መሃል ቅሬታ የሚታይበት ጊዜ አለፈ። የጣለው እሱ ነው ተባለ፤ ዝርክርክነቱን ሁሉም ያውቃላ! ደመወዙ ተቆረጠ። ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደሩ ተያያዘ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

ማመልከቻዋን ያገኘሁት በዓመቱ ነው። ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ቀበሌ አቃፊ ውስጥ ነበር። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የገዛ እጅ ጽሕፈቴ ነው። ሴትዮዋ ግን ዳግም አልመጣችም።

ለዚህ ነው አትንኪ የምልሽ። ቢያንገፈግፍሽም አትንኪ።

ዝም ብለሽ ቻይው ማለቴ አይደለም። ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት ቡና ጋብዢውና ንገሪው። «ዝርክርክ ነህ» አትበይው። «ይህ ወንበሬ ሥር ያለው ያደናቅፈኛል፣ አብረን እናንሣው» በይው። እሱ ያንሣ፣ አንቺ ተቀበይው። በምሳ ዕቃው ግን ጠንከር በይ። ፍርፋሪ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ የማን ፋይል እንደሆነ አይመርጥም። ምግብ የነካው ዕቃ እዚያ ክፍል እንዳያድር። እምቢ ካለ ለኃላፊሽ ንገሪ፤ ቀድመሽ ግን ለእሱ ለራሱ። ከእጁ ፋይል ስትቀበዪ ቀኑን ጽፈሽ አስፈርሚው። ስትሰጪውም እንዲሁ። ይህን ከነገ ጀምሪ።

ደግሞ ሰላምታ አትንፈጊው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «እንደምን አደርክ» ሳይባል አንድ ጣሪያ ሥር መዋል ምን የሚሉት ነው? እንደዚያ አላሳደግንሽም።

ስድስት ቦክስ ፋይል ገዝቼ በፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ልኬልሻለሁ። ሦስቱ የእሱ ናቸው። ስጪው፣ ወረቀቱን ግን ራሱ ያስገባ። እናትሽ በሶና በርበሬ ጨምራለች። በርበሬው በደንብ አልደረቀም፤ እንደደረሰሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ጣሳውን መልሺ፣ የጎረቤት ነው።

ጋሼ ዛሬም አለ። ቅዳሜ ገበያ ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያንቺን ነገር ነው። «ልጅቷ ሥራውን ለመደችው ወይ?» ይለኛል። ለመደችው እለዋለሁ፣ ይመርቅሻል፣ እንለያያለን። ላንቺ ይህን ጽፌ ለእሱ ሳልነግረው መቅረት ከበደኝ። የፊታችን ቅዳሜ ቤቱ እሄዳለሁ። ጆሮው ስለከበደ ጮክ ብዬ መናገር ይኖርብኛል። ልጆቹም ይሰማሉ። ይስሙ።

አባትሽ
ከደብረ ማርቆስ