የታክሱ ቅናሽ የደጋፊው ነው

ለአዘጋጁ፣

የሽያጭ ታክስ ሲቀንስ የእግር ኳስ ክለቦች ልዩነቱን ለደጋፊ ይመልሱ ወይ በሚለው ጉዳይ ላይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። መመለስ አለባቸው ባይ ነኝ።

የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2008 ጀምሮ ለ13 ወራት የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ17.5 ወደ 15 በመቶ ዝቅ አድርጎ ነበር። የተደረገውም ሸማቹ እንዲገዛና ገበያው እንዲነቃቃ ነው። በዚህ ስሌት የ47 ፓውንድ ትኬት 46 ይሆናል። አንድ ፓውንድ ለአንድ ሰው ትንሽ ነው፤ 40,000 ተመልካች በሚገባበት ስታዲየም ግን በአንድ ጨዋታ ብቻ 40,000 ፓውንድ ነው። ክለቡ ታክሱን ሰብስቦ ለመንግሥት ያስገባል እንጂ ከኪሱ አይከፍልም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዓመት ትኬት የገዙት ነገር ነው። የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ሙሉውን በ17.5 በመቶ ሒሳብ ከፍለዋል፤ ቅናሹ ሲመጣ ገና ብዙ የሜዳቸው ጨዋታዎች ይቀሩ ነበር። የአገሪቱ ሕግ ደግሞ ክፍያው ቀድሞ ቢፈጸምም፣ ከለውጡ በኋላ ለሚሰጥ አገልግሎት ሻጩ በዝቅተኛው ምጣኔ እንዲያወራርድ ይፈቅዳል። በዚህ የተጠቀመ ክለብ ገንዘቡን ካስቀረ፣ ደጋፊው ያልተጣለበትን ታክስ ከፈለ ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ፓውንድ መላክ ወጪ እንዳለው እረዳለሁ። ስለዚህ ልዩነቱ ከቀጣዩ ዓመት ትኬት ዋጋ ይቀነስ፤ ለማያድሱት ሲጠይቁ ይመለስ። በትኬቱ ላይም ዋጋውና ታክሱ ተለይተው ይታተሙ።

አንባቢያችሁ፣ ከለንደን