ይድረስ ለታኮ

ደብረ ብርሃን፣ ህዳር 2018 ዓ.ም

ታኮዬ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? «እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። ዘጠኝ ዓመት ምኑ ሰንበት ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፀጉሬ ሸሽቷል፣ ጨጓራዬ እንደነበረች አለች፣ ልጆቹ አድገዋል። ትልቁ በቁመት በልጦኛል። ያቺ ትከሻህ ላይ አድርገህ የምታዞራት ትንሿ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች።

ሎጊያ ላይ ሲኖትራክ እንደያዝክ የሰማሁት መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ስጠጣ ነው። አንድ የጅቡቲ መስመር ልጅ «ታኮ የሚሉት ሾፌር አለ፣ የናንተው አገር ልጅ፣ ጎማ ስር ድንጋይ ሳያደርግ ምሳ አይበላም» ብሎ ሲያወራ ጆሮዬ ቆመ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ስልክህን ተቀበልኩት። ሦስት ጊዜ ቁጥሩን መታሁና ሳይጠራ ዘጋሁት። አንዳንዱ ነገር በስልክ አይወጣም። በወረቀት ይሁን አልኩ።

መጀመሪያ ግን ወሬ ላውራህ። አይሱዙዋን ከተውኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አሁን የመስሪያ ቤት ሾፌር ነኝ። ሸሚዝ ለብሼ፣ መስኮት ዘግቼ። አምና ቢሮው መኪና ቀየረ። በ2016 መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ሆኗል፤ ለኔም አንድ የቻይና ደረሰኝ። ድምፅ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ የሚቀየር ማርሽ የለው። ይሄን ሁሉ ቻልኩት። አልለምደው ያለኝ የእጅ ፍሬኑ ነው።

የእጅ ፍሬን እንኳ አይባልም፤ የጣት ፍሬን ነው። ወንበሮቹ መሃል የክብሪት ቀፎ የማታክል ማብሪያ አለች። ክብ ውስጥ ፒ የሚል የፈረንጅ ፊደል ተጽፎባታል። ሳብ ስታደርጋት ከኋላ ጎማ በኩል «ዝዝዝት» ይልና ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይመጣል። በቃ፣ ታስሯል ማለት ነው። ለመልቀቅ እግርህን ፍሬን ላይ አድርገህ ወደ ታች ትጫናታለህ። ለህፃን ልጅ እንኳን ትቀላለች።

እጄ ግን ሃያ ምናምን ዓመት ሌላ ነገር ነው የለመደው። የአይሱዙዋን ታስታውሳለህ አይደል? «ክርክርክር» ስትል ጥርሷን እንቆጥር ነበር። አምስት ለሜዳ፣ ስምንት ለዳገት። ካቦዋ፣ ፍሬኑን የሚስበው የብረት ገመድ፣ የላላ እንደሆነ መካኒክ ሳይነግረኝ ክንዴ ያውቀው ነበር። ይቺኛዋ ጠበቀች ላላች አትልህም። «ዝዝዝት» ብቻ። እመን ተባልክ፣ ታምናለህ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥላሴ አካባቢ ዳገት ላይ ቆምኩ። አለቃዬ ጎኔ ተቀምጠዋል። የተከበሩ ሴትዮ ናቸው፤ ቦርሳቸውን መሃል ላይ አስቀምጠዋል። እጄ እንደ ልማዱ ሄደና የቦርሳውን ማንጠልጠያ ግጥም አድርጎ ይዞ ወደ ላይ ሳበ። ጠንከር አድርጌ፣ ለዳገት የሚሆን ስምንት ጥርስ። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ምነው?» አሉኝ። ምን እላለሁ? «ይቅርታ እትዬ፣ የእጅ ፍሬን መስሎኝ» አልኩ። እስካሁን ቢሮ ውስጥ ይተረካል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳቸውን እግራቸው ስር ነው የሚያስቀምጡት።

ዳገት ማስነሳት የሚባለው ሙያም ቀረ። መንጃ ፈቃድ ስማር አስተማሪያችን የኋላ ጎማ ስር የክብሪት ቀፎ ያስቀምጥ ነበር። ቀፎዋን ከጨፈለቅክ ወደቅክ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ትለቃለህ፣ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግና አፍንጫው ቀና ሲል የእጅ ፍሬኑን ትለቃለህ። ስንቱ ላቡ የፈሰሰው እዚያች ላይ ነው። አሁን ቀበቶ ታስራለህ፣ በር ትዘጋለህ፣ ነዳጅ መስጫውን (ነዳጅ የለውም እንጂ ስሙ ያው ነው) ረገጥ ስታደርግ መኪናው እራሱ ይለቃል። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አይልም። ሌላም አለው፤ አውቶ ሆልድ ይሉታል። መብራት ላይ ስትቆም እግርህን ብታነሳም የእግር ፍሬኑን ይዞልህ ይቆያል። ይሄ ከማብሪያዋ ይለያል፤ የሚይዘው በፍሬን ዘይቱ ነው። ብዙ ሾፌር ሁለቱን አንድ እያደረገ ሲከራከር እሰማለሁ። እኔም ለሁለት ወር ተከራክሬያለሁ፣ ተሳስቼ።

ትልቁ ልጄ ነው ነገሩን ያስረዳኝ። የኋላ ካሊፐር ላይ፣ ሸራውን የሚይዘው ብረት ላይ ማለት ነው፣ ትንሽ ሞተር አለች፤ ብሎን ታዞራለች፣ ብሎኑ ፒስተኑን ይገፋል፣ ሸራው ዲስኩን ይጨመድዳል። ካቦውን የሚጎትት ሞተር ያላቸውም ዓይነቶች አሉ። ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም አለኝ። ቢ ኤም ደብሊው በ2001 እ.ኤ.አ. ትልቁ መኪናው ላይ ገጥሞት ነበር። እኛ ዲ ኤክስ ኮሮላ በድንጋይ እያቆምን ሳለ ማለት ነው።

መቼም ትጠይቀኛለህ፤ «ፍሬን እምቢ ቢል ምን ትስባለህ?» ትላለህ። እኔም ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። ጣርማ በርን የሚወርድ ሰው ሳያስበው አይቀርም። ዋሻውን ስትወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 እንኳ አይሞላም። ያን ሁሉ ቁልቁለት በአንዲት ማብሪያ? አንድ ቀን ብቻዬን ጉዶ በረት ጋ ጭር ያለ ሜዳ ፈልጌ፣ በሰዓት ሃያ እየሄድኩ ሞከርኳት። ሳብ አድርገህ ይዘህ መቆየት አለብህ። መኪናው ይጮሃል፣ ከዚያ በአራቱም ጎማ በዋናው ፍሬን ቀጥ አድርጎ ያቆምሃል። ጣትህን ስትለቅ ይተዋል። የድሮዋን እየሄድክ ብትስባት ኋላዋን አዙራ ገደል ታሳይህ ነበር። ይሄ አልዞረም። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ላይ ይበልጣታል። ግን ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት አይደለም፤ የየራሱን መጽሐፍ ማየት ነው።

ያዋረደኝ ውርጩ ነው። የደብረ ብርሃንን ህዳር አልረሳኸውም መቼም። ሳሩ ነጭ ሆኖ፣ መስታወቱ በመታወቂያ እየተፋቀ። ድሮ እኛ ውርጭ ሲሆን የእጅ ፍሬን አንስብም ነበር። እርጥብ ካቦ ካደረ ይደርቅና ጠዋት አይለቅህም። ማርሽ አስገብተን፣ ያንተን ታኮ፣ ያቺን እንጨት፣ ጎማ ስር ወትፈን እንተኛ ነበር። ይሄኛው ግን ስታጠፋው ብቻውን ያስራል። አንድ ጠዋት ብነካካው ምንም የለም። ሙት። ለካ ያን ከወለሉ ስር የተነጠፈ ትልቅ ባትሪ ይዞም እንደማንኛውም መኪና ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይፈልጋል። የሞተችው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ማብሪያዋ ጌጥ ናት። የቢሮው በር ላይ ተገትሮ ቀረ። ገፍተን ዞር እንዳናደርገው የኋላ ጎማው ታስሯል። አራት ዘበኛና አንድ ሾፌር ከበን ቆምን። ከሌላ መኪና በገመድ ባትሪ ስናበድረው ነው «ዝዝዝት» ብሎ የለቀቀን።

ያን ቀን አንተን አሰብኩህ። ያንተ ሲኖትራክ በንፋስ ነው። ንፋሱ ሲያልቅ ስፕሪንጉ ይዞ ያስቀራል፤ ጥፋቱ ወደ መያዝ ያደላል። የኔው ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲያጣ እንዳለ ይቀራል። ታስሮ ከነበር ታስሮ፣ ተለቆ ከነበር ተለቆ። ይቺን ልዩነት ለጓደኞቼ ሳስረዳ ማንም አልገባውም። አንተ ብትሆን ወዲያው «እህ» ትል ነበር።

ጋራዥም አንድ ጊዜ ጉድ ሊሠሩኝ ነበር። የኋላ ሸራ ሊቀይር የመጣው መካኒክ እንደለመደው ፒስተኑን በሞርሳ ሊገፋ ሲል አንድ ቀጭን ልጅ ሮጦ መጥቶ እጁን ያዘው። መጀመሪያ በኮምፒውተር «ጥገና ላይ ነኝ» ተብሎ ሞተሯ መመለስ አለባት፤ በጉልበት ከገፋሃት ትሰብራታለህ። ልጁን ሻይ ጋበዝኩት። ሽማግሌው ግን አኮረፈ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ መሸብኝ።

ባለፈው ወር አምስት ሰው ጭኜ ደብረ ሲና ወረድኩ። ጉሙ ወፍራም ነበር፤ ከዋሻው ጀምሮ ፊቴ አንድ ተሳቢ እየተጎተተ ፍሬኔን ሳልለቅ ነው የደረስኩት። ቆሎ ሻጮቹ ጋ፣ ያቺው ቁልቁለት ላይ ቆምኩ። ሰዎቹ ተጣደፉ፣ እኔም ስልክ ተደወለልኝ። አጥፍቼ እያወራሁ ወረድኩ። አሥር እርምጃ ሄጄ ነው ደሜ ቀጥ ያለው። ማብሪያዋን አልነካኋትም። ዞሬ ስሮጥ መኪናው ቆሟል። ቀይ መብራቱ በርቷል። እኔ ረስቼ እሱ አልረሳም።

አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ደግሞ «ዝዝት» አለ። ደነገጥኩ፣ የሚለቅ መስሎኝ። ኋላ ልጄን ስጠይቀው፣ ዲስኩ ግሎ ከቆመ ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል፤ ሸራው እንዳይላላ መኪናው ተመልሶ ያጠብቀዋል አለኝ። ያን ጊዜ ግን ይሄን አላውቅም። የሰማሁት ያንን ድምፅ ብቻ ነው፣ በዚያ ቦታ ላይ። ጉልበቴ ከዳኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ታኮዬ፣ ያን ቀን ሽንኩርት ጭነን ከሸዋ ሮቢት ስንወጣ አንተ ታኮህን ይዘህ ልትወርድ ስትል «ተወው፣ አሁን እኮ ነው የምንነሳው፣ ቆሎውን ግዛና ና» ያልኩህ እኔ ነኝ። የእጅ ፍሬኑን የሳብኩት ሁለት ጥርስ ነው። ሁለት። ማርሽ አላስገባሁም። ስልክ ጆሮዬ ላይ ነበር። ስትንሸራተት ያየሃት አንተ ነህ፤ ሮጠህ ያልደረስክባትም አንተ ነህ። የድንጋዩን ካብ ንዳ፣ የዚያችን ሴትዮ ቆርቆሮ ጨፍልቃ ቆመች። ሰው አለመኖሩ የእመቤቴ ሥራ ነው።

ባለንብረቱ ከሰዓት ደርሶ «ታኮ ያላስገባው ማነው?» ሲል እኔን ነበር ያየው። እኔ ደግሞ አንተን አየሁ። «ረዳቱ ነው» አልኩ። አንዲት ቃል አልተነፈስክም። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ቆሎ ወንበሬ ላይ አስቀምጠህ ሄድክ። በዚያው ነው።

ሦስት ልጅ ነበረኝ፣ ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ ልልህ ነበር። እውነት ነው፣ ፈርቼ ነበር። ግን አንተም እናት ትጦር ነበር፤ አውቅ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ለባለንብረቱም ባለፈው ሳምንት ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። አርጅቷል። ረጅም ዝም አለና «ልጁ የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሎጊያ አልኩት። «ሰላም በልልኝ» አለ።

አይሱዙዋን ሳስረክብ ከወንበሩ ስር ያወጣኋት ነገር ታኮህን ነው፤ የወይራዋን፣ ገመዷ የተበጠሰውን። አሁን ኤሌክትሪኩ ኮፈን ውስጥ አለች። አለቃዬ አንድ ቀን «ይሄ እንጨት ምንድን ነው?» አሉኝ። መለዋወጫ ነው አልኳቸው። ዳገት ላይ ስቆም ማብሪያዋን ከሳብኩ በኋላ ወርጄ እሷንም ጎማ ስር አደርጋለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ታኮዋን አልክልህም። መጥተህ ውሰዳት። ለጥምቀት ብትመጣ ቤት አለ፣ እንቅልፍ ካልወሰደህም አረቄ አለ። ባትመጣም አልቀየምም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ልጅ ሐሙስ ይመለሳል። ከደብዳቤው ጋር አንድ ኪሎ ቆሎ ይዟል፣ ከዚያችው ሴትዮ የገዛሁት። ቆርቆሮዋን አድሳለች። ሌላ መልስ ባይኖርህ እንኳ ቆሎው መድረሱን ብቻ ንገረው።