ለሁለት ሳምንት አትምጪ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ቤተሰብሽስ ደህና ነው? ስንት ዘመን ተጠፋፋን! መልእክትሽን ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ። በእረፍትሽ ሁለት ሳምንት ወደ ሕፃናት ማሳደጊያችን መጥተሽ ከልጆቹ ጋር ለመዋል አስበሻል። ደግነትሽን ስለማውቀው አልገረመኝም። ግን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ፤ ለሁለት ሳምንት ብለሽ አትምጪ።

እኛ ማሳደጊያ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሮጣ የገባውን ሰው እግር ጥምጥም ትላለች፤ አይታው የማታውቀውንም ቢሆን። እንግዶች «እንዴት ፍቅር ናት!» ይላሉ። እኔን ግን አንጀቴን ትበላኛለች። እናቱን የለመደ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ቀሚሷ ሥር ነው የሚደበቀው። እሷን ግን ስንቱ አቅፎ፣ ፎቶ ተነስቶ ሄዷል። ሌላው ደግሞ ከምሳው እየቀነሰ ትራሱ ሥር ይደብቃል። አንቆጣውም። ነገም እንደሚበላ አምኖ እስኪተወው ጊዜ ይፈልጋል።

ልጅ የሚበላውና የሚለብሰው ብቻ አይበቃውም። የማይቀያየር ሰው ይፈልጋል። ሩማኒያ፣ ቡካሬስት ውስጥ በ2000 እ.ኤ.አ. በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ይዞ የተጀመረ ጥናት አለ። ግማሾቹ በዕጣ ወደ አደራ ቤተሰብ፣ ማለትም ልጁን ቤታቸው ወስደው ወደሚያሳድጉ ሰዎች ገቡ። እነዚያ በአእምሮ እድገትም ሰው በመልመድም ማሳደጊያ ከቀሩት በለጡ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ለዚህ ነው እኛም ሞግዚቶቻችን እንዳይለቁብን የምንለፋው።

ደግሞ ሌላም አለ። በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚለያያቸው ድህነት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2009 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመነጠል ምክንያት መሆን የለበትም ይላል። ወንድምና እህትም እንዳይለያዩ ያሳስባል። እኛ ዘንድ ያሉትን ሁለት ወንድማማቾች አያታቸው ልትወስዳቸው ትፈልጋለች። አቅም የላትም እንጂ ፍቅሩስ ሞልቷታል! በመጣች ቁጥር ታናሹ እስክትወጣ ድረስ የነጠላዋን ጫፍ አይለቅም። የጉዞሽን ገንዘብ ለእሷ መቋቋሚያ ብታደርጊው ልጆቹ ቤታቸው ይገባሉ። በእኔ አመለካከት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ከልጆቹ ጋር መሆን ካማረሽ ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ። በቅርቡ 18 ዓመት ሞልቶት ከዚህ የሚወጣ ልጅ አለን። ጎበዝ ነው፣ ዝምተኛ ነው። ቤት ተከራይቶ ብቻውን ሊኖር ነው። ሲታመም ወይ ሥራ ሲያገኝ ደውሎ «እንዲህ ሆንኩ» የሚለው ሰው ግን የለውም። በየሳምንቱ ትደውይለታለሽ? አንዴ ከጀመርሽ ግን እንዳታቋርጪ።

አስቢበትና ጻፊልኝ። እሺ ካልሽ ከማሳደጊያው ኃላፊ ጋር አገናኝሻለሁ። ቁርጥሽን ሳላውቅ ግን ለልጁ ምንም አልነግረውም።

የሁልጊዜ ወዳጅሽ