ለወላጆች ቡድናችን፦ ቅዳሜ ልጆቹንም ይዛችሁ ኑ

ውድ እናቶችና አባቶች፣

ባለፈው ከቡናው በኋላ የተነሳው ክርክር ሳይቋጭ ተበተንን። «የ14 ዓመት ልጅ የፖለቲካ አቋም የለውም፤ የሰማውን ነው የሚደግመው» ተባለ። እኛስ ስንቱን ከአባቶቻችን ለቃቅመን ነው የያዝነው?

እዚህ ጀርመን በ2024ቱ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ 16 ዓመት የሞላቸው ድምፅ ሰጥተዋል። ኦስትሪያ ደግሞ የመምረጫውን ዕድሜ በ2007 ወደ 16 አውርዳዋለች (ሁለቱም በፈረንጆቹ)። አገር ቤት 18 ነው፤ ቢሆንም በ66ቱ አብዮት አደባባይ ከወጡት መካከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ከእኛው ውስጥ የሚመሰክር አይጠፋም።

ልጄ ሰሞኑን እራት ላይ «አውቶቡስ ለተማሪ ሁሉ ነፃ መሆን አለበት» አለች። ከቲክቶክ የለቀመችው መስሎኝ «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» አልኳት። ተኮሳትራ ገባች። በሦስተኛው ቀን ሳህን እያጠበች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ «እሺ፣ ከሩቅ ለሚመጡት ብቻ ይሁን» አለችኝ። ከአዋቂ ስንቱ ነው በሦስት ቀን ሐሳቡን የሚያሻሽል? (እኔ ራሴን አልቆጥርም።)

ስለዚህ ቅዳሜ በ9 ሰዓት ልጆቹንም ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ፤ እኛ «ለምን?» ብቻ እንጠይቅ። ዳቦው በእኔ ነው፤ ቡናውን የሚችል ይንገረኝ።