«አማርኛው ጥያቄ ምልክት ሆነብኝ» ለሚሉ ጀማሪዎች

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ድረ ገጽ መሥራት የሚማሩ ልጆች በቴሌግራም «ኮዴ አልሠራም፣ እርዱኝ» ብለው ደብዛዛ የስክሪን ፎቶ ይልካሉ። መላሹም ኮዱን ራሱ ጽፎ ይሰጣቸዋል። እንዲህ አይነቱ እርዳታ ለነገ አይሆናቸውም። መጀመሪያ ብሮውዘሩ ላይ ኤፍ12ን ተጭነው ኮንሶሉ (የስህተት መልእክት የሚወጣበት ክፍል) ላይ የወጣውን ቀይ መልእክት በጽሑፍ ይላኩ፤ ስህተቱ የተነሳበት መስመር ቁጥር እዚያው አለ።

ደጋግሞ የሚመጣውን የአማርኛ ጽሑፍ ችግር እንውሰድ። ገጹ ላይ እንግዳ የላቲን ምልክቶች ከተዝረከረኩ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ብሮውዘሩ በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት ስልት) አንብቦት ነው። የኤችቲኤምኤሉ ሄድ ውስጥ የሜታ ቻርሴቱን (ኢንኮዲንጉን ለብሮውዘሩ የሚናገረውን መስመር) አማርኛን በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ማድረግ፣ ፋይሉንም በዚያው ሴቭ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። «????» ከሆነ ግን ይከብዳል። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ጽሑፉ የተቀመጠበትን ዓምድ በሄክስ (እያንዳንዱን ባይት በሁለት ምልክት በሚያሳየው አጻጻፍ) እዩት፦ የጥያቄ ምልክት ኮድ የሆነው 3ኤፍ ብቻ ከተደጋገመ ፊደሉ ሲገባ ጠፍቷል፣ አይመለስም። እያንዳንዱ ፊደል በኢ1 የሚጀምር ሦስት ባይት ከሆነ ግን አለ። ሠንጠረዡን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8) ቀይሩ፤ የድረ ገጹንና የዳታቤዙን ግንኙነትም (ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው) እንደዚያው። የጠፋው እንደገና ይጻፋል።

ባዶ ሳጥን ከታየ ጉዳዩ የፎንት ነው፤ ዳታቤዙን አትንኩ።

አንድ የድረ ገጽ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ