ሜሪ ሮቢንሰን ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቀድሞዋ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ስለ ሜሪ ሮቢንሰን ያስነበባችሁንን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ቅር ያለኝ ታሪካቸውን ከ1990ው ምርጫ መጀመራችሁ ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ እናንተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። እንዲያ ሲሆን ሴትዮዋ ከሰማይ ዱብ ያሉ ይመስላሉ። ከ1969 እስከ 1989 ግን ሻናድ በሚባለው የላይኛው ምክር ቤት ሴናተር ነበሩ። በኋላ ለፕሬዚዳንትነትም ሆነ ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚሽነርነት ያበቃቸው ያ ሃያ ዓመት ይመስለኛል።

ሻናድን አንባቢ ከእኛ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር እንዳያምታታው፤ ሕገ መንግሥት አይተረጉምም። ከ60 መቀመጫዎቹ 11ዱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሾማሉ፤ 43ቱን የፓርላማና የአካባቢ ምክር ቤት አባላት ይመርጣሉ፤ የቀሩት 6 የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ድርሻ ናቸው። የታችኛው ምክር ቤት ያጸደቀውን ሕግ ቢያዘገይ እንጂ ውድቅ ማድረግ አይችልም። ወይዘሮ ሮቢንሰን በ25 ዓመታቸው የገቡበት ለረጅም ዘመን የፕሮቴስታንቶች ተቋም ሆኖ በቆየው በደብሊኑ ዩኒቨርሲቲ በትሪኒቲ ኮሌጅ ምሩቃን ድምፅ ነው፤ ያውም ካቶሊክ ሆነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ምእመናን ያለ ጳጳስ ፈቃድ ትሪኒቲ እንዳይማሩ መከልከሏን የተወችው ከተመረጡ በኋላ፣ በ1970 ነበር።

በ1971 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የወሊድ መቆጣጠሪያ ሽያጭን የሚከለክለው የ1935 ሕግ እንዲሻሻል ረቂቅ አቀረቡ። ምክር ቤቱ ለመጀመሪያ ንባብ እንኳ አላበቃውም። ውግዘቱና የስድብ ደብዳቤው ጎረፈ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባለትዳሮች ለራሳቸው መጠቀሚያ ከውጭ ማስመጣት መብታቸው ነው ብሎ ወሰነ፤ በ1979 ፓርላማው በሐኪም ማዘዣ ፈቀደ፤ በ1985 ደግሞ አዋቂዎች ኮንዶም ያለ ማዘዣ እንዲገዙ ሆነ።

የሕግ ባለሙያ ስለነበሩ ምክር ቤቱ በሩን ሲዘጋባቸው በፍርድ ቤት በኩል ይመጣሉ። ከባሏ በሕግ ለመለያየት ፈልጋ የጠበቃ ገንዘብ ላጣችው ለጆሲ ኤሪ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ፤ በ1979 አሸነፉ። አየርላንድ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ለድሆች የነፃ የሕግ ድጋፍ እንድታደራጅ የገፋፋት ይህ ፍርድ ነው።

ሆኖም እናንተ እንዳላችሁት «የሕዝብ ልጅ» ብቻ ነበሩ ማለት ይከብደኛል። በ1977 እና በ1981 ሌበር ፓርቲን ወክለው ለታችኛው ምክር ቤት ተወዳድረው ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፈዋል። ያ ሁሉ ድፍረት የሚያዋጣው መራጩ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በሆነበት ወንበር ላይ ነበር፤ የገጠር ተመራጭ ቢሆኑ የ1971ዱ ረቂቅ ብቻ ወንበራቸውን ባሳጣቸው። በ1985 ደግሞ ዩኒየኒስቶች (ሰሜን አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር እንድትቀጥል የሚፈልጉት ወገኖች) ያልተማከሩበት ነው በማለት የብሪታንያና የአየርላንድ መንግሥታት ስለ ሰሜን አየርላንድ የተፈራረሙትን የአንግሎ-አይሪሽ ስምምነት ተቃውመው ፓርቲያቸውን ለቀቁ። ያው ፓርቲ ከአምስት ዓመት በኋላ ለፕሬዚዳንትነት አጭቷቸዋል። ይህን መዝለላችሁ በጣም አስገርሞኛል፤ ከምርጫው ውጤት ይልቅ ለእኔ የሚስበው እሱ ነው።

ጽሑፉ ድረ ገጻችሁ ላይ እስካለ ድረስ ስለ ሴናተርነታቸው ሁለት አንቀጽ ብታክሉበት ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ