«በር ላይ ጠብቀኝ»፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ጥቅምት ውስጥ ነው። የመውጫው ደወል እንደተደወለ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ዌይት ሚ ኦን ዘ ዶር» ሲል ሰማሁት። ጓደኛው ወዲያው ገባው፤ ሄዶም ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። እኔ ግን እዚያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዌይት ፎር ሚ አት ዘ ጌት ነው የሚባለው» ብዬ አረምኩት። ልጁ አንገቱን ደፋ። በሚቀጥለው ረቡዕ ክበቡ ሲሰበሰብ አልመጣም።

ማታ ቤቴ ሆኜ ሳስበው ልጁ የተናገረው ነገር የቸልተኛ ሰው ንግግር አልነበረም። በአማርኛ ያሰበውን አንዳች ሳያጎድል ነው ያሻገረው። «ጠብቀኝ» ስንል «ኝ» ግሱ ላይ ትለጠፋለች እንጂ መስተዋድድ አትፈልግም፤ ስለዚህ «ዌይት ሚ» ሙሉ መሰለው። «ላይ»ም ቢሆን ለእኛ ጠረጴዛ ላይ፣ ስብሰባ ላይ፣ በር ላይ ያው አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው ግን ለጠረጴዛው «ኦን»፣ ለስብሰባው «ኢን»፣ ለበሩ «አት» እያለ ይለያያቸዋል። ልጁን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ተመለሰ። የዓመቱ ሥራችን የተጀመረው ከዚያ ነው።

አንድ መዝገብ ከፈትን። አባላቱ በግቢው የሰሙትን፣ ራሳቸውም የተናገሩትን የተሳሳተ ሐረግ ያሰፍሩበታል። የተናጋሪው ስም አይጻፍም። ከጎኑ ግን ያን ያስባለው አማርኛ መጻፍ አለበት። «ሊስን ሚ» ከ«ስማኝ» መጣ፤ «ሊስን ቱ ሚ» መባል ነበረበት። «ኤክስፕሌይን ሚ» ከ«አስረዳኝ»፤ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ሆኖ ተቃና። «ዲስከስ አባውት» ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፦ እኛ «ስለ» እንላለን፣ እንግሊዝኛው ምንም አይጨምርም። «ፍሮም ዌር አር ዩ» ያለው ልጅ «ከየት ነህ» የሚለውን በቅደም ተከተሉ አስቀምጦታል። «ጎ ቱ ሆም» ከሁሉ የበዛ ነበር። እዚህ ላይ «ሆም» እንደ «ሂር» እና «ዜር» ተውሳከ ግስ ስለሆነ «ወደ» የምትለውን በውስጡ ይዟታል ብለን ስናስረዳ ብዙዎቹ ገረማቸው።

ከኅዳር እስከ ጥር የያዘን የተውላጠ ስም ቦታ ነው። አንድ ዳስተር መሬት ላይ እንጥልና አንዱ «ፒክ አፕ ዘ ዳስተር» ይላል፤ ሌላው ስሙን በተውላጠ ስም ተክቶ መመለስ አለበት። «ፒክ አፕ ኢት» ያለ ይወጣል፤ «ፒክ ኢት አፕ» ያለ ይቀጥላል። ሁሉም ለመዱት። ከዚያ ዳስተሩን ደበቅነውና «ሉክ ፎር ዘ ዳስተር» አልን። ግማሾቹ «ሉክ ኢት ፎር» ብለው ወጡ። ምክንያቱ «አፕ» እዚህ ተውሳከ ግስ፣ «ፎር» ደግሞ መስተዋድድ መሆኑ ነው። ተውሳከ ግሱ ተውላጠ ስሙን መሐል ያስገባዋል፤ መስተዋድዱ ግን ከኋላው ያስከትለዋል። መለያው ቀላል ነው። ስሙን መሐል አስገብቶ መሞከር፦ «ፒክ ዘ ዳስተር አፕ» ይባላል፣ «ሉክ ዘ ዳስተር ፎር» አይባልም። ጆሮም ይለየዋል። «አፕ» ጠንክሮ ይነገራል፣ «ፎር» ተውጦ «ፈር» ወደ ማለት ይጠጋል። ልጆቹ ጠረጴዛ እየመቱ ሲለማመዱት ጎረቤት ክፍል ያሉ መምህራን ታግሠውናል፤ እናመሰግናቸዋለን።

የካቲት ላይ የ10ኛ ክፍል አንዲት ተማሪ የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን ዓመቱን ለወጠው። «ቲቸር፣ የእኛስ መስተዋድድና ተውላጠ ስም አብረው የሚገቡት የት ነው?» አለችኝ። መልሱ አፋችን ላይ ነበር። «ክፈትልኝ» ውስጥ «ል» አለች፣ «ኝ» አለች፤ «ፎር ሚ» ማለት ነው። «መሰከረልኝ» እና «መሰከረብኝ» በአንዲት ፊደል ወዳጅና ጠላት ይሆናሉ። ሦስት ረቡዕ ሙሉ በዚህ ላይ ዋልን፤ አንድም ሰው ቀድሞ አልወጣም። «ል» ያለበት ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ «ፎር» ሆኖ ተገኘ፦ ጸልይልኝ፣ ግዛልኝ፣ ያዝልኝ። «ብ» ግን እንደ ዘር ተበተነች። «ዘነበብን» ላይ «ኦን አስ»፣ «ሳቀብኝ» ላይ «አት ሚ»፣ «መሰከረብኝ» ላይ «አጌንስት ሚ»። «ውሃው አለቀብን» ላይ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ተገልብጦ «ዊ ራን አውት ኦቭ ዋተር» ሆነ፤ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ ተከታትለው መጡ። አፋን ኦሮሞ አፍ የፈቱ አባሎቻችን በበኩላቸው «ሲሬ ጀለ» (አልጋ ስር) ብለው የእነሱ «ስር» ማለት የሆነው «ጀለ» ከስሙ በኋላ እንደሚመጣ አሳዩን። አማርኛ «ከአልጋው ስር» ሲል ስሙን ከፊትም ከኋላም እንደሚይዘው ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ «የምኖርበት ቤት» መጣ። ልጆቹ «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ» እያሉ መጨረሻዋን «ኢን» ሲጥሏት ኖረዋል። «በት» የምትለዋን ፈልጉ አልናቸው፦ የምኖርበት ቤት «ሊቭ ኢን»፣ የምቀመጥበት ወንበር «ሲት ኦን»፣ የምጽፍበት እስክሪብቶ «ራይት ዊዝ»። የእኛ «በት» ግሱ ጭራ ላይ እንደምትቀመጠው ሁሉ የእነሱም መስተዋድድ ከግሱ ኋላ ይቀራል። አንዱ ወዲያው «የተወለድኩበት ቀን»ን አመጣ። እውነቱን ነው፤ እዚያ «ዘ ደይ አይ ወዝ ቦርን» ብቻ ይበቃል፣ ጊዜ ሲሆን መስተዋድዱ ብዙ ጊዜ ይቀራል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ዓረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስ ነውር ነው ተብዬ ተምሬያለሁ። ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 የቀደሙትን ጸሐፊዎች በዚሁ ነቅፏቸዋል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሕዝብ ግን እስከ ዛሬ እንዲያው ይናገራል። ይህን ክልከላ ለልጆቻችን ማውረስ ያለብን አይመስለኝም።

ሌሎቹ ሥራዎች እንደ ወትሮው ሄደዋል። ዓርብ ዓርብ በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት አንድ ሐረግ አስተላልፈናል። የ12ኛ ክፍል አባላት ለፈተና ዝግጅት ከሚያዝያ ጀምሮ አልተገኙም። የመጻሕፍት እጥረታችን እንዳለ ነው።

መዝገቡን ሰኔ ላይ ለቀጣዩ ዓመት ጸሐፊ አስረክበናል። የመጨረሻው ገጽ ላይ በትልቁ «ይቅርብኝ» ተብሎ ተጽፏል። «ኦን ሚ» አይሆንም፣ «አት ሚ» አይሆንም፣ «ፍሮም ሚ»ም ፍቺውን ይስታል። አንዷ «አይ ዊል ዱ ዊዝአውት ኢት» ብላ አቀረበች። ሐሳቡ ይቀርባል፤ ቅሬታው ግን የለበትም ብለው ሁለት ልጆች ተከራከሯት። ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ መስከረም ላይ ከእሱ እንጀምራለን።